ገላና የሐኪም እጅ፦ የታካሚ ኀፍረትና የሙያ ወሰን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ እውነት ነው፤ ግን ጥፋቱን ሁሉ በታማሚው ላይ ይጭናል። ሰው በሽታውን ለምን ይደብቃል ብሎ አይጠይቅም። እኔ ከዚህ ጥያቄ ጋር ብዙ ጊዜ ኖሬያለሁ፤ ምክንያቴም አክስቴ ናቸው።

አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። የወር አበባቸው ከቆመ ሃያ ዓመት ሞልቶት ሳለ ደም አዩ። ለልጆቻቸው አልተናገሩም፤ «ወገቤን ነው» እያሉ አንድ ክረምት አሳለፉ። ነገሩ ሲገለጥ ወደ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ወሰድናቸው። ደግፌ ያስገባኋቸው እኔ ነበርኩ። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፤ በመካከላቸው መጋረጃ የሚሰቀልበት ብረት አለ፣ መጋረጃው ግን የለም። ወጣቱ ሐኪም ቀና ሳይል «ልብስሽን አውልቂና አልጋው ላይ ውጪ» አላቸው። ከኋላው አምስት ተማሪዎች ቆመዋል። በሩ ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ካርድ የያዘ ሰው ይገባል፣ ይወጣል። አክስቴ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ገላቸውን የሚሸፍኑበት ቢያጡ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሐኪሙ ክፉ ሰው አልነበረም። ምርመራውን ሠራ፣ ናሙና ወሰደ፣ ቀጠሮ ሰጠ። አክስቴ ግን ለቀጠሮው አልሄዱም። «ሞት ይሻለኛል» አሉ። ለሁለተኛ ጊዜ ሐኪም ፊት የቀረቡት ከስምንት ወር በኋላ፣ በሌላ ከተማ ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን ከእሳቸው ጉዳይ ሰፋ ያለ ነገር ይጠይቃል። ገላን ለምርመራ መግለጥ ባለበት ሁሉ ለታካሚው ኀፍረት ምን ቦታ ተሰጠው? የሐኪሙስ እጅ እስከ የት ይሄዳል፣ የት ላይ ይቆማል? በዚህ ጉዳይ ሕግ አለ፣ የሙያ ደንብ አለ፣ የሃይማኖት ትምህርት አለ፣ መራራ ታሪክም አለ። እነዚህን ሳይ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር፦ ታካሚ ገላውን ሲገልጥ ኀፍረቱን ለሐኪሙ በአደራ ይሰጣል፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የመሸፈኑ ኃላፊነት የሐኪሙ ነው።

ኀፍረት ሕክምናን ወደ ኋላ ያስቀራል የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ የማነሣላቸው ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ በኔከር ሆስፒታል ይሠራ ወደነበረው ወደ ሬኔ ላኤኔክ የልብ ሕመም ምልክት ያለባት አንዲት ወጣት ትመጣለች። በዚያ ዘመን ሐኪም ልብ የሚያዳምጠው ጆሮውን ደረት ላይ አሳርፎ ነበር። ታካሚዋ ወጣት ሴት ናት፤ ሰውነቷም ሞላ ያለ ነው። ላኤኔክ ጆሮውን ደረቷ ላይ ማሳረፍ ተገቢ አልመሰለውም። ድምፅ በጠጣር ነገር ውስጥ ሲያልፍ ጎልቶ እንደሚሰማ ትዝ አለውና ወረቀት አጥብቆ ጠቀለለ፤ አንዱን ጫፍ ደረቷ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አደረገ። የልብ ምቷን በባዶ ጆሮ ከሚሰማው ይልቅ ጥርት አድርጎ ሰማው። ወረቀቱ በኋላ የእንጨት ቱቦ ሆነ፤ እ.ኤ.አ. በ1819 ስለ ግኝቱ የጻፈው መጽሐፍ ወጣ፤ ዛሬ በየሐኪሙ አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ማዳመጫ የዚያ ወረቀት ልጅ ነው። ላኤኔክ ታካሚዋን «አትፈሪ፣ ሐኪም ነኝ» ብሎ ሊያልፋት ይችል ነበር። እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ማዳመጫው በዚያ ቀን ባልተገኘ።

በእኛ አገር ምርመራ ልብስ ከመውለቁ በፊት በቃል ይጀምራል። «ወገቤን ይዞኛል» የምትል እናት ስለ ማህፀኗ እየተናገረች ሊሆን ይችላል። «ሽንቴን ትንሽ ያቃጥለኛል» የሚል ጎልማሳ ከዚያ የከበደ ነገር ደብቆ ይሆናል። «ሆዴን» ማለት ከደረት በታች ያለውን ሁሉ ሊይዝ ይችላል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞችና አዋላጅ ነርሶች ይህን ቋንቋ ያውቁታል። ሰልፍ ያስቸኮለው ሰው ግን «እስቲ በግልጽ ተናገሪ» ብሎ ይቆጣል፤ በሩ በዚያው ይዘጋል። አንድ ሰው የሰውነቱን ክፍል በስሙ እስኪጠራ ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ሐኪሙ ቀድሞ በረጋ ድምፅ ከጠራለት ይቀልለታል።

ስለ አንቱታም መናገር አለብኝ። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ታክሲ ውስጥ «እማማ» እና «እርስዎ» የሚባሉ እናት ምርመራ ክፍል ሲገቡ ድንገት «አንቺ» ይሆናሉ። ብዙ ጊዜ «አንቺ» የሚባሉት ደግሞ ከገጠር የመጡት፣ ነጠላቸው ያረጀው ናቸው፤ በመኪና የመጣችው ወይዘሮ «እርስዎ» ትባላለች። አማርኛ ሰውን በቃል የሚሸፍን ቋንቋ ነው። «እማማ፣ ከፈቀዱልኝ ሆድዎን ልዳብስ» ማለት ጋቢ እንደ ማልበስ ነው። በጀትም ሆነ ሥልጠና አይጠይቅም።

የኀፍረቱ ጉዳይ በሰፊው የታየው ወሊድ ላይ ነው። በቤት ወሊድ እናቲቱን የሚከቧት እናቷ፣ ጎረቤቶቿና የልምድ አዋላጇ ናቸው፤ «ማርያም ማርያም» እያሉ ያግዟታል። ቀሚሷን አላወለቀችም፤ ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ታምጣለች። ጤና ተቋም ስትሄድ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እግሯን ከፍታ፣ የማታውቀው ሰው እየገባ እየወጣ እንድትወልድ ትጠየቃለች። እ.ኤ.አ. በ2000ም ሆነ በ2005 በተደረጉት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች መሠረት በኢትዮጵያ ከመቶ ወሊድ ውስጥ በጤና ተቋም የተከናወነው 5 ያህል ብቻ ነበር። በ2011 ወደ 10፣ በ2016 ወደ 26፣ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብሏል። ለዚያ ዝቅተኛ ቁጥር መንገዱ፣ ርቀቱና ገንዘቡ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው፤ ሁሉን በኀፍረት ማሳበብ ስሕተት ነው። ይሁንና እናቶችን ቁጭ አድርገው ያነጋገሩ ጥናቶች በተደጋጋሚ ያገኙት መልስ አለ፦ መገለጥን ፈራን፣ ሰው በዛብን፣ ተቆጡን።

ቁጥሩ የተለወጠው በሕንፃ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከሠላሳ ሺህ በላይ ሠራተኞች ሲያሰማራ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ነበሩ፤ በየቀበሌው ሁለት ሁለት እየሆኑ ከአካባቢው ተመርጠው ሠለጠኑ። በአንድ ቤት ደጃፍ ላይ ቆማ ስለ እርግዝና የምትጠይቀው ሴት ስትሆን መልሱ ሌላ ነው። የእናቶች ማቆያ ቤቶችም ተሠሩ፤ በየጤና ጣቢያው ገንፎ ይገነፋ ጀመር። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ የአምስት ዓመት ዕቅድ ደግሞ «ርኅሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ» ባለሙያ ማፍራትን ከዋና ዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ አስቀመጠው። መንግሥት በዕቅዱ ላይ አክብሮትን በስሙ መጥራቱን ትልቅ ነገር አድርጌ አየዋለሁ። ቃሉ ከግድግዳ ላይ ፖስተር አልፎ አልጋው ዘንድ መድረሱ ግን ከተቋም ተቋም በጣም ይለያያል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው የወሊድ ክብካቤ መመሪያ ላይ ሦስት ነገሮች ለዚህ ጉዳይ ቅርብ ናቸው። ምጥ በተፋፋመበት ጊዜ በማህፀን በር የሚደረገው የእጅ ምርመራ በየአራት ሰዓቱ እንዲሆን ይመክራል። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ወይም እየተቀያየረ አንዲቱን እናት እንዳይመረምራት ያሳስባል። እናቲቱ የመረጠችው ሰው አብሯት እንዲሆንም ይደግፋል። ምክንያቱ ኢንፌክሽንን መከላከልም ጭምር ነው። ንጽሕናና ክብር እዚህ ላይ አንድ መንገድ ይጋራሉ።

አሁን ወደ ከባዱ ታሪክ ልምጣ። ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት የፌስቱላ ሕመም ቀዶ ሕክምና ዘዴ ሲወሳ ስሙ የሚነሣው ጄምስ ማሪየን ሲምስ የሚባል አሜሪካዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1849 በአላባማ፣ በሞንትጎመሪ ከተማ፣ በባርነት የተያዙ ሴቶችን እየደጋገመ ቀደደ። ስማቸው በራሱ ጽሑፍ የተረፈው ሦስቱ አናርካ፣ ሉሲና ቤትሲ ናቸው። ማደንዘዣ አልሰጣቸውም። ቀዶ ሕክምናው ሲካሄድ ሌሎች ሐኪሞች ተጋብዘው ቆመው ያዩ ነበር። አናርካ ብቻዋን ሠላሳ ጊዜ ያህል ተቀድዳለች። ፈቃድ ቢጠየቅ የሚጠየቀው የሴቶቹ ሳይሆን የጌቶቻቸው ነበር። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ የቆመለት ሐውልት እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 ከቦታው ተነሣ። የፈለሰፈው መሣሪያ ግን በስሙ እየተጠራ እስከ ዛሬ በቀዶ ሕክምና ክፍሎች አለ።

ያንኑ በሽታ በአዲስ አበባ ያከሙ ሰዎች ሌላ መንገድ አሳይተዋል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ከአውስትራሊያ መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ፤ በ1974 የፌስቱላ ሆስፒታሉን ከፈቱ። ወደ እነሱ የሚመጡት ሴቶች ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈሳቸው፣ በሽታው ከሰው የለያቸው ናቸው። ከጉዟቸው በፊትም ሆነ በጉዟቸው ላይ ኀፍረትን ሲሸሹ የኖሩ ናቸው። ሆስፒታሉ ሴቶቹን አጥቦ፣ አልብሶ፣ ከመሰሎቻቸው ጋር አስተኛቸው፤ ድነው ሲወጡ አዲስ ቀሚስ ይሰጣቸዋል። ይህ ቀሚስ በሕክምና መጽሐፍ ውስጥ የሌለ መድኃኒት ነው እላለሁ። ከታካሚዎቹ አንዷ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ደግሞ ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው በቀዶ ሕክምና ሥራ ተካኑ፤ የመደበኛ የሕክምና ትምህርት ሳይኖራቸው ለሐኪሞች ጭምር የሚያሳዩ ሆኑ። በአልጋው ላይ የተኛ ሰው የሚሰማውን ያወቀ እጅ በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ሲሠራ ማለት ይህ ነው። በሽታው አንድ ነው፣ ስፌቱም ተቀራራቢ ነው። በሞንትጎመሪና በአዲስ አበባ መካከል ያለው ልዩነት ታካሚዋ ሰው ናት ወይስ አይደለችም በሚለው ላይ ነው።

የሐኪም እጅ የሚቆምበት ወሰን በሕግና በመሐላ ተጽፏል። በሒፖክራተስ ስም የሚጠራው ጥንታዊ መሐላ ሐኪም በሚገባበት ቤት ሁሉ ከሴትም ከወንድም፣ ከጨዋም ከባሪያም ጋር ከሥጋ ግንኙነት እንዲርቅ ያስምላል። ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ይህን መጻፍ ያስፈለገው አደጋው ያኔም ስለነበረ ነው። የእኛው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 20 ማንም ሰው የሕክምና ወይም የቀዶ ምርመራንና ሕክምናን በማንኛውም ጊዜ እምቢ ማለት እንደሚችል ይደነግጋል፤ በሕግ ግዴታ የሆኑ እንደ ክትባት ያሉትን ለይቶ ያስቀራል። ይህን አንቀጽ የሚያውቅ ታካሚ ጥቂት ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 299 ለጤና ባለሙያዎች የታካሚን ፈቃድና ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አስቀምጧል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 624 በሆስፒታል በተኛና በእሱ ጥበቃ ሥር ባለ ሰው ላይ ሥልጣኑን ተጠቅሞ የግብረ ሥጋ ወይም ሌላ ነውር የሚፈጽምን ይቀጣል። ሕጉ አለን። ምርመራ ክፍሉ ግድግዳ ላይ ግን ስለ ክፍያ እንጂ ስለ አንቀጽ 20 የተለጠፈ አላየሁም።

ወሰኑ ሲጣስ ምን እንደሚመስል ከሚያሳዩት ሁሉ ጎልቶ የሚታወቀው የላሪ ናሳር ጉዳይ ነው። ናሳር የአሜሪካ የጂምናስቲክ ብሔራዊ ቡድን ሐኪም ነበር፤ በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲም ይሠራ ነበር። ለዓመታት ልጃገረዶችን በሕክምና ስም ደፍሯል። እ.ኤ.አ. በ2016 ከተጎጂዎቹ አንዷ ሬቸል ዴንሆላንደር ለኢንዲያናፖሊስ ስታር ጋዜጣ በስሟ ተናገረች፤ ከዚያ በኋላ ሌሎች ተከተሉ። በጥር 2018 ከ150 በላይ ሴቶች በችሎት ፊት ቃላቸውን ሰጡ፤ ቅጣቱ ከ40 እስከ 175 ዓመት እስራት ሆነ። ዩኒቨርሲቲው ለተጎጂዎች 500 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ እንቅልፍ የሚነሣኝ አንድ ዝርዝር ነው፦ አንዳንዶቹ ልጆች ሲመረመሩ እናቶቻቸው እዚያው ክፍል ውስጥ ነበሩ። ሰውዬው በአካሉ ከልሎ ይቆም ነበር። እናት ብትኖርም የሚደረገው ነገር ምርመራ ይሁን አይሁን የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ ሐኪሙን አምናለች።

እንግሊዞች ይህን ትምህርት ቀድመው አግኝተውታል። ክሊፎርድ አይሊንግ የተባለ የኬንት ሐኪም በታካሚዎቹ ላይ ጾታዊ ጥቃት በመፈጸም ወንጀል እ.ኤ.አ. በ2000 ከተፈረደበት በኋላ የተቋቋመው አጣሪ በ2004 ባወጣው ሪፖርት፣ ከታካሚው ጋር በምርመራ ጊዜ የሚቆም ሰው የሠለጠነ እንዲሆንና ይህ ሥራ ለቤተሰብ አባል እንዳይሰጥ መክሯል። ለዚህ ሰው በአማርኛ የተለመደ ስም ስለሌለው ታዛቢ እለዋለሁ። የእንግሊዝ የሐኪሞች ምክር ቤት መመሪያም ይህንኑ ያጠናክራል፦ ለጡት፣ ለብልትና ለፊንጢጣ ምርመራ ታዛቢ እንዲኖር ሐኪሙ ራሱ ያቅርብ፤ ሐኪሙ ወንድም ይሁን ሴት፣ ታካሚውም ወንድም ይሁን ሴት፤ ታዛቢው የሚደረገውን በሚያይበት ቦታ ይቁም፤ መገኘቱም በካርዱ ላይ ይጻፍ። ታካሚው ታዛቢ አልፈልግም ቢልም ይከበርለታል።

በእኛ ተቋማት ነርስ ብዙ ጊዜ በክፍሉ ውስጥ አለች። ችግሩ የቆመችበት ቦታና የተሰጣት ሥራ ነው። ካርድ እየጻፈች ጀርባዋን ከሰጠች የለችም ማለት ነው። ታዛቢ ለሐኪሙም ጋሻ መሆኑን ብዙ ወንድ ሐኪሞች ያውቃሉ፤ በሐሰት እንዳይከሰሱ ነርስ ሳትኖር ምርመራ የማይጀምሩ አሉ። ምክንያታቸው ራስን መጠበቅ ቢሆንም ውጤቱ ለታካሚዋም ይጠቅማል።

የሕክምና ትምህርት ጉዳይ ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። ተማሪ ያለ ታካሚ አይማርም፤ ባለፉት ሃያ ዓመታት የሕክምና ትምህርት ቤቶቻችን በብዙ እጥፍ ጨምረዋል፤ በአንድ አልጋ ዙሪያ የሚቆመውም ሰው እንደዚያው። ግን የሚማሩበት ገላ የታካሚው ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በፊላዴልፊያ አካባቢ ከሚገኙ አምስት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች መካከል 90 በመቶው ማደንዘዣ ወስደው በተኙ ሴቶች ላይ የማህፀን ምርመራ እንደተለማመዱ አሳይቷል። ከሴቶቹ ስንቶቹ ስለዚህ እንደተጠየቁ ግን አይታወቅም። የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ሆስፒታሎች ለእንዲህ ያለው ምርመራ የጽሑፍ ፈቃድ እንዲወስዱ በግልጽ ያሳሰበው በሚያዝያ 2024 ነው፤ ሃያ ዓመት ፈጀ። ሌላ መንገድ ግን እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ነበር፦ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የማህፀን ምርመራን የሚማሩት ለዚህ ሠልጥነው በፈቃዳቸው በሚያስተምሩ ሴቶች እርዳታ ሆነ፤ የምትመረመረዋ ሴት ራሷ «እጅህ ከበደ፣ አስቀድመህ ንገረኝ» እያለች ታርማለች። እኛ ያን ለማድረግ አቅም እስኪኖረን በአሻንጉሊት አካል መለማመድና ከአልጋ ወደ አልጋ ከሚደረገው ጉብኝት (ራውንድ) በፊት አንድ ጥያቄ መጠየቅ እንችላለን፦ «እማማ፣ ተማሪዎች አብረውኝ ቢሆኑ ይፈቅዳሉ? ሁለት ብቻ።» እሺ የሚል ታካሚ ብዙ ነው፤ እምቢ የሚለው ደግሞ መብቱ ነው።

ሃይማኖቶቻችን ገላን ለምርመራ ከመግለጥ ጋር የሚጋጩ የሚመስሏቸው ሐኪሞች አሉ። አይጋጩም። የእስልምና የሕግ ሊቃውንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1993 በብሩናይ ባደረገው ስብሰባ ሴት ታካሚን ሴት ሐኪም እንድታያት ቅድሚያ ሰጥቶ፣ እሷ ካልተገኘች ወንድ ሐኪም እንዲያክማት ፈቅዷል፤ የሚገለጠው ለምርመራው የሚያስፈልገው ያህል ብቻ እንዲሆንና ብቻቸውን እንዳይሆኑ በማስጠንቀቅ። ከእንግሊዙ መመሪያ ጋር ሲነጻጸር የሚገርም ቅርበት አለው። በኦርቶዶክሱም በኩል በብዙ ጠበሎች የወንድና የሴት መጠመቂያ ተለይቶ ተከልሏል፤ ሕዝቡ ለመዳን ልብስ መቀነስን አልጠላም፣ ያለ ከለላ መሆኑን እንጂ።

ስለ ወንዶች አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ኪንታሮት፣ ብሽሽት ላይ የወጣ ቡአ፣ የፕሮስቴት ችግር ያለበት ወንድ ዓመታት ተደብቆ ይኖራል። በወጣት ሴት ነርስ ፊት ሱሪውን ዝቅ ከማድረግ በመንደር መድኃኒት ቀማሚ ዘንድ መቃጠልን ይመርጣል። ለወንድ «ምን ያሳፍርሃል» የሚባለው ቃል ከማንኛውም ነገር በላይ ያሳፍረዋል። ሽንት አላልፍ ብሎት በሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሲደርስ ጊዜው አልፎ ይሆናል።

ከአገር ውጭ ላለው ወገናችን ቁስሉ ሌላ መልክ አለው። በዋሽንግተን አካባቢ እንግሊዝኛ የማትችል እናት ክሊኒክ ስትሄድ አስተርጓሚዋ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጇ ይሆናል። «እማ፣ ደም የሚፈስሽ መቼ ነው ይላሉ» ብሎ ልጅ እናቱን ሲጠይቅ እናት ምን ትመልሳለች? «ደኅና ነኝ በለው» ትላለች። በአሜሪካ የጤና ሕግ ክፍል 1557 መሠረት የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ተቋማት ብቁ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው፤ ለሕይወት ከሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ በቀር ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅን በአስተርጓሚነት መጠቀምም አይፈቀድም። አማርኛ የሚናገር አስተርጓሚ በስልክ ይገኛል። እናቶቻችን ይህን ቢያውቁ ልጆቻችን ከዚያ ወንበር ይነሡ ነበር።

ወደ ዓረብ አገር ለሥራ የምትሄድ ልጅ ደግሞ ለቪዛው ስትል የደረት ራጅ ትነሣለች፣ ደሟ ይመረመራል፣ እርግዝናዋ ይታያል። እዚህ ላይ የሙያ ወሰኑ ጥያቄ ሐኪሙ የማን ሐኪም ነው የሚል ነው። ምርመራው ለእሷ ጤና ሳይሆን ለቀጣሪዋ የተፈለገ ቢሆንም እንኳ፣ አልጋው ላይ ያለችው እሷ ናት፤ ውጤቱን መጀመሪያ መስማት ያለባትም እሷ ናት።

አንዳንዱ ምርመራ ጭራሽ መደረግ የለበትም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2014 ሕመም የሌላትና ያላረገዘች ሴት በየዓመቱ የማህፀን የእጅ ምርመራ እንዳይደረግላት መከረ፤ ጥቅሙ አልታየም፣ ጭንቀቱ ግን ታይቷል። የማህፀን በር ካንሰርን ለመለየት የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ ሴትዮዋ ራሷ ናሙና የምትወስድበትን የኤችፒቪ ምርመራ ያካትታል፤ መገለጥን ለሚፈሩ ሴቶች ይህ ትልቅ በር ነው። የ«ድንግልና ምርመራ» የሚባለው ደግሞ ሳይንስ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች በአንድነት እንዲቀር ጠይቀዋል። አባት ቢያመጣትም፣ እጮኛ ቢጠይቅም፣ ሐኪም «አላደርገውም» ማለት አለበት።

ሐኪሞቻችን «ጊዜ የለንም፣ ክፍል የለንም» ይላሉ። ሰልፉን አይቻለሁ፤ ደመወዛቸውንም ሰምቻለሁ። ድካማቸውን አልክድም። ነገር ግን መጋረጃ መሳብ፣ አንሶላ ዘርግቶ የሚመረመረውን ብቻ መግለጥ፣ «አሁን እጄ ይቀዘቅዝዎታል» ማለት፣ ታካሚዋ ልብሷን እስክትለብስ ድረስ ውጤቱን አለመናገር፣ አንድ ላይ ሁለት ደቂቃ አይፈጁም። አክስቴን በስተመጨረሻ ያየቻቸው ሐኪም ይህን ሁሉ አደረገች። ሴት መሆኗ ረድቷል፤ ግን ከወንድ ሐኪም የከፋ ቁጣ ያላቸው ሴት ባለሙያዎችም ስላሉ ነገሩ በጾታ ብቻ አይፈታም። አክስቴ ሲወጡ ያሉት «አስፈቀደችኝ እኮ» ነበር።

የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም የምታስተዳድሩ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ስትጀምሩ በየምርመራ ክፍሉ ዙሩና የመጋረጃውን ብረት ተመልከቱ። ባዶ ከሆነ በዚያው ሳምንት ጨርቅ ይሰቀልበት።

ታካሚ የሆናችሁ፣ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ ልትሉት የምትችሉት ነገር አለ፦ «ነርስ አብራን ትሁን።» «ተማሪዎቹ ይውጡልን።» «ምን እንደሚያደርጉ አስቀድመው ይንገሩኝ።» «ይቁም።» ማንም ሊቆጣችሁ መብት የለውም፤ አንቀጽ 20 ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ በሕግ መጽሐፋችን ውስጥ አለ።